ቀዶ ብቻ ወይስ ቀዶ ጥገና?

በአማርኛ ይህን ሙያ የምንጠራበት ስም ሁለት ቃላት የያዘ ነው፤ ቀዶ እና ጥገና። ሐኪሙንም ቀዶ ጠጋኝ እንለዋለን። የቀደደውን መልሶ የሚጠግን ማለት ነው። ነገር ግን በእኛ በተማሪዎች መካከል ስለ ኦፕራሲዮን ሲወራ ጆሮ የሚሰጠው ለመጀመሪያው ቃል ብቻ ነው። ጎበዝ የሚባለው ብዙ የቆረጠው ነው። «ይህን ያህል አንጀት አወጣለት» ሲባል ሁሉም ያደንቃል፤ «ይህን ያህል አንጀት አተረፈለት» ሲባል ግን የሚያደንቅ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ቆራጥነትን ከቆራጭነት ጋር ያቀላቀልነው ይመስለኛል።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ የትንሹ አንጀት ጥበትና ጥበቱ የሚታከምበት ኦፕራሲዮን ነው። ነገሩ የሕክምና ተማሪዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ ገጹን ከመግለጡ በፊት ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። በውስጡ የድኻ አገር ሐኪም ለዓለም ምን ሊያበረክት እንደሚችል የሚያሳይ ታሪክ አለ። ነገ ሐኪም ቤት የሚተኛ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄም አለ። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ትንሹ አንጀት በአዋቂ ሰው 6 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከሰው ሰው ግን ብዙ ይለያያል። የበላነው እንጀራና ወጥ ልሞ ወደ ደማችን የሚገባው በዚህ ቧንቧ ግድግዳ በኩል ነው። ግድግዳው ለረጅም ጊዜ ሲቆስል፣ ቁስሉም በጠባሳ ሲሽር፣ ጠባሳው እንደ ተሳበ ክር አንጀቱን እየሰበሰበ ያጠበዋል። ከጥበቱ በላይ ያለው ክፍል የመጣበትን ምግብ ለማሳለፍ ሲታገል ይወጠራል፣ ይነፋል። በሽተኛው በበላ ቁጥር ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ሆዱ ይጮኻል፤ ያስመልሰዋል። በኋላም ሕመሙን ፈርቶ መብላት ይተውና ይከሳል። አንጀቱ ፈጽሞ ሲዘጋ ደግሞ ነገሩ የቀናት መሆኑ ቀርቶ የሰዓታት ይሆናል።

እንዲህ ያለውን ጥበት ከሚያመጡት ሕመሞች ሁለቱን እንመልከት። አንደኛው የአንጀት ቲቢ ነው። ሁለተኛው በ1932 ክሮን፣ ጊንዝበርግና ኦፐንሃይመር የተባሉ ሐኪሞች በኒውዮርክ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ካዩአቸው በሽተኞች ተነሥተው የገለጹትና ዛሬ በክሮን ስም የሚጠራው የአንጀት ቁስለት ነው። ሁለቱ በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ አንዳንድ ጊዜ በመመርመሪያ መሣሪያ ሥር እንኳ መለየት ያስቸግራል። ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው። ቲቢ የታወቀ ተሐዋሲ አለው፤ በመድኃኒት ይድናል፤ ጠባሳው ግን ሊቀር ይችላል። ክሮን ግን በመድኃኒት ሊበርድ ይችላል እንጂ ከሥሩ የሚነቅለው መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘለትም። አንዱን ክፍል ቢያወጡለት በሌላው ተመልሶ ይመጣል።

ሐኪሞች ይህን ጥበት ለማከም ሦስት መንገዶችን ሞክረዋል። የመጀመሪያው ዙሮ ማለፍ ነው። በ1956 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በክሮን ሕመም አንጀታቸው ተዘግቶ በዋልተር ሪድ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ሲደረጉ ሐኪሞቹ የታመመውን ክፍል አላወጡም። ከበላዩ ያለውን ጤነኛ አንጀት ከትልቁ አንጀት ጋር ገጥመው ምግቡ በአቋራጭ እንዲያልፍ አደረጉ። ፕሬዚዳንቱ በዚያው ዓመት ለሁለተኛ ጊዜ ተመረጡ፤ እስከ 1969 ኖረውም በልብ ሕመም ሞቱ። ለእሳቸው ጠቀማቸው ማለት ነው። ይሁን እንጂ በብዙዎች ላይ ምግብ የማያልፍበት የታመመ አንጀት በሆድ ውስጥ ተሰውሮ ሲቀር ሕመሙ እንደገና ሲነሣበት፣ ከዓመታት በኋላም ካንሰር ሲበቅልበት ስለ ታየ መንገዱ እየተተወ ሄደ።

ሁለተኛው መንገድ ቆርጦ ማውጣትና ጫፍና ጫፉን መግጠም ነው። ብዙ ሐኪሞች ሕመሙን ከነሥሩ ለመንቀል በማሰብ ከታመመው ግራና ቀኝ ጤነኛውንም ጨምረው በሰፊው ይቆርጡ ነበር። አሳቡ ለጆሮ ደስ ይላል። ነገር ግን ፋዚዮና ጓደኞቹ በአሜሪካ በክሊቭላንድ የክሮን በሽተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን ከታመመው ጠርዝ 2 ሳንቲሜትር፣ ለሁለተኛው 12 ሳንቲሜትር ጤነኛ አንጀት ጨምረው ሲቆርጡ፣ በሰፊው የተቆረጠላቸው ሰዎች ሕመማቸው ከመመለስ እንዳልዳነ በ1996 አሳዩ። እንግዲህ ያ ሁሉ ጤነኛ አንጀት የተጣለው በከንቱ ነበር።

በከንቱ የተጣለው ነገር ደግሞ ተመልሶ የማይበቅል ነው። ጉበት ቢቆረጥ ያድጋል፤ አጥንት ቢሰበር ይገጥማል፤ አንጀት ግን በአዋቂ ሰው ላይ በርዝመት አይተካም። የቀረው ክፍል ሥራውን ለማገዝ በመጠኑ ይላመዳል፤ ያም ቢሆን ወሰን አለው። የትንሹ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ሲወጣ ቫይታሚን ቢ12 እና ሐሞት የሚመጠጡበት ቦታ አብሮ ይሄዳል፤ በሽተኛው ዕድሜውን ሙሉ ቫይታሚኑን በመርፌ መወጋት ሊኖርበት ይችላል። በጠቅላላው ከ200 ሳንቲሜትር በታች የቀረው ሰው ደግሞ አጭር አንጀት ያለው ተብሎ ይቆጠራል። ቢበላም ምግቡ ሳይመጠጥ ያልፋል፤ እየበላ ይራባል። በ1968 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ዳድሪክና ጓደኞቹ ምግብን ሁሉ በትልቅ የደም ሥር መስጠት እንደሚቻል ካሳዩ ወዲህ እንዲህ ያለ ሰው በሀብታም አገር ቤቱ ተቀምጦ ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ለአንድ የመንዝ ገበሬ ግን ይህ የሚታሰብ አይደለም። ለእሱ የአንጀቱ ርዝመት የዕድሜው ርዝመት ነው።

ሦስተኛው መንገድ ጥገና ነው። አሠራሩን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። አሮጌ ካልሲ ያለው ተማሪ (ከመካከላችን የሌለው ማን ነው?) የካልሲውን ጠባብ ቦታ በቁመቱ ይቅደደው። ከዚያም የቅዱን የላይኛውንና የታችኛውን ጫፍ አቀራርቦ፣ ጎንና ጎኑን ግን ወደ ውጭ ስቦ፣ በአግድም ይስፋው። ካልሲው በዚያ ቦታ ጥቂት ያጥራል፤ ነገር ግን ይሰፋል። ሐኪሙም እንዲሁ ያደርጋል። ጥበቱን በቁመት ይቀድዳል፤ ቅዱን ግራና ቀኝ ወደ ጤነኛው ክፍል ጥቂት ያሳልፋል፤ በአግድም ይሰፋዋል። የሚጣል አንጀት የለም። የኢንጂነሪንግ ወንድሞቻችን እንደሚያውቁት በቀጭን ቧንቧ ውስጥ በጸጥታ ለሚፈስ ፈሳሽ የቧንቧው ወርድ እጥፍ ቢሆን የሚያልፈው 16 እጥፍ ይሆናል። አንጀት የብረት ቧንቧ ባይሆንም ትንሽ መስፋት ምን ያህል እንደሚያተርፍ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ስፌቱ ራሱ አዲስ አልነበረም። ሃይነኬና ሚኩሊች የተባሉ ሐኪሞች በ1880ዎቹ ለጠበበ የጨጓራ መውጫ ሠርተውበታል። እስከ 10 ሳንቲሜትር ለሚደርስ የአንጀት ጥበት ዛሬም የሚሠራበት ይኸው በእነርሱ ስም የሚጠራው ስፌት ነው። ከዚያ ለሚረዝመው አንጀቱን አጥፎ ጎንና ጎኑን መስፋት ይቻላል፤ ይህም የአሜሪካው ሐኪም ፊኒ በ1902 ለጨጓራ መውጫ ካወጣው ዘዴ የተወሰደ ነው። እጅግ ለረዘመውና ጥበቱ ለተደጋገመበት ክፍል ደግሞ ሚኬላሲ በ1996 ከቺካጎ ሌላ ዘዴ አቀረበ፤ አንጀቱን መካከል ላይ ከፍሎ፣ አንዱን ግማሽ በሌላው ላይ አስተኝቶ፣ ጎን ለጎን መስፋት ነው።

ታዲያ ለጨጓራ መውጫ የታወቀው ስፌት ወደ ታመመው አንጀት እስኪሻገር ለምን 90 ዓመት ያህል ፈጀ? ሐኪሞቹ ስለፈሩ ነው። የታመመ ሥጋ ክር አይዝም፣ ስፌቱ ያፈስሳል፣ በሽተኛውም ይሞታል ብለው ያምኑ ነበር። ይህን ፍርሃት የሰበረው ሥራ ከለንደን ወይም ከኒውዮርክ አልመጣም። ካታሪያና ጓደኞቹ ከሕንድ አገር ከቻንዲጋር በቲቢ የጠበበ አንጀት ሳይቆረጥ ተጠግኖ በሽተኞቹ እንደዳኑ በ1977 በእንግሊዝ የቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ጻፉ። በሽተኞቻቸው ጥበቱ በብዙ ቦታ የተደጋገመባቸው ሰዎች ነበሩ። ሁሉንም ቆርጦ ማውጣት በሽተኛውን ያለ አንጀት ማስቀረት ስለሆነ ጥገናን ሞከሩ። ከዚህ በኋላ በኦክስፎርድ ኢማኑኤል ሊ ያንኑ ዘዴ ለክሮን በሽተኞች ሠራበት፤ ከፓፓዮአኑ ጋርም በ1982 አሳተመው። ከዚያ ወዲያ በዓለም ተዛመተ።

ከዚህ ታሪክ ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ። በመካከላችን «እውቀት ከወዲያ ይመጣል፤ የእኛ ፋንታ መቀበል ነው» የሚል አነጋገር ተለምዷል። አንዳንዱ ይህን የሚለው በምሬት ነው፤ አንዳንዱም ለስንፍናው ሽፋን እንዲሆነው ነው። የቻንዲጋር ሐኪሞች ግን በሽተኛቸው የሚጠይቀውን ጥያቄ መለሱ እንጂ ከወዲያ እስኪመለስላቸው አልጠበቁም። ከዚህም በላይ የሠሩትን ጻፉ። ባይጽፉት ኖሮ ከቻንዲጋር ወደ ኦክስፎርድ የሚሄደው መንገድ ባልተከፈተ ነበር። በእኛ አገርም በጨለማ ሌሊት፣ በጥቂት ክርና በደከመ እጅ፣ ብልኀት ያለበት ሥራ የሚሠራ ሐኪም እንዳለ አልጠራጠርም። ነገር ግን በመዝገብ ላይ «ኦፕራሲዮን ተደረገ፤ ተሻለው» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ሥራ ለማንም አያስተምርም።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልመለስ። «የታመመ ሥጋ በሆድ ውስጥ መተው አደጋ አይደለምን?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። በ2007 ያማሞቶ፣ ፋዚዮና ቴኪስ እስከዚያ የታተሙትን ዘገባዎች ሰብስበው 1112 የክሮን በሽተኞችንና 3259 ጥገናዎችን መረመሩ። የስፌት ማፍሰስና መግል የመሰለ አደጋ የገጠማቸው ከ100 በሽተኞች 4 ያህል ነበሩ። ሕመሙ በተጠገነው ቦታ ላይ ራሱ የተመለሰው ከ100 በ3 ብቻ ነው፤ ከሚመለሰው የሚበዛው በሌላ ቦታ ነው። በተጠገነ ቦታ ካንሰር የተገኘባቸው 2 ሰዎች ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ባዶ ግን አይደለም። ስለዚህ የሚያጠራጥር ነገር ሲታይ ናሙና ወስዶ መመርመር ግዴታ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። «ገበሬው ከሩቅ ነው የመጣው፤ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ቆርጦ መገላገል ለእሱ ይሻላል» የሚሉ አሉ። ይህን አነጋገር የሚናገሩት ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። እኔም በከፊል እስማማለሁ። ጥበቱ አንድ ብቻ ከሆነ፣ አጭር ከሆነ፣ የቀረውም አንጀት ረጅምና ጤነኛ ከሆነ፣ ያንን ጥቂት ቆርጦ መግጠም ጉዳት የለውም። ጥበቶቹ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት ሲሆኑ ግን ሂሳቡ ይለወጣል። ተመልሶ ሊመጣ የማይችለው ሰው እኮ አንጀቱ ካጠረ በኋላ የሚያስፈልገውን መርፌና ክትትል ፍለጋም ሊመጣ አይችልም! ርቀቱ ለመቁረጥ ምክንያት ከሆነ ለመቆጠብ የበለጠ ምክንያት ነው።

በሌላ በኩል ጥገናን እንደ ጣዖት እንድናመልከው አልፈልግም። የተበሳ አንጀት፣ መግል የቋጠረ፣ ካንሰር የተጠረጠረበት አንጀት አይጠገንም፤ ይወጣል። በረሃብና በሕመም እጅግ በተጎዳ ሰው ላይ ስፌት መያዙ አጠራጣሪ ነው፤ እያንዳንዱም ስፌት ሊያፈስ የሚችል አንድ ተጨማሪ በር ነው። በእኛ አገር ብዙውን ጊዜ ትንሹን አንጀት የሚዘጋው መጠምዘዝም የራሱ ሕግ አለው። ደም ተቋርጦበት የሞተን አንጀት ማንም ሊጠግነው አይችልም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ጨርሶ ቢላዋ የማያስፈልገው በሽተኛ አለ። በ1988 ከዴልሂ የወጣው የአናንድና የጓደኞቹ ጥናት በቲቢ አንጀታቸው ከጠበበ በሽተኞች የሚበዙት ያለ ኦፕራሲዮን፣ በመድኃኒቱ ብቻ እንደተሻላቸው ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢ ከበዛባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያን ይቆጥራታል፤ ከሳንባ ውጭ የሚገኘው ቲቢም በእኛ ዘንድ ድርሻው ትንሽ አይደለም። ስለዚህ አንጀቱ ፈጽሞ ያልተዘጋና አደጋ ላይ ያልወደቀ በሽተኛ ሲመጣ፣ የጥበቱ ምክንያት ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል መቸኮል ያለ አግባብ መቁረጥ ነው። ክሮን ነው ብሎ በግምት ሰውነትን የመከላከል ኀይል የሚያደክም መድኃኒት መስጠትም ቲቢ ላለበት ሰው እሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በበኩሌ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የሕክምና ተማሪዎች በየዎርዱ አንጀት የተቆረጠለት በሽተኛ ሲቀርብ አንድ ጥያቄ ሳንጠይቅ አንለፍ፤ «ስንት ሳንቲሜትር ቀረለት?» የወጣውን ብዙ ጊዜ እንሰማለን። በሽተኛው የሚኖረው ግን በወጣው ሳይሆን በቀረው ነው። የቀረውን ለመለካት ክርና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። በኦፕራሲዮኑ መዝገብ ላይ ካልተጻፈ ግን ነገ በሌላ ሆስፒታል ያንኑ ሆድ የሚከፍተው ሐኪም በጨለማ ይሄዳል። ይህ ጥያቄ አንጀቱ ተጠምዝዞ ለተቆረጠለት ሰውም እኩል ይሠራል።

ሁለተኛ፣ በሽተኛው ምን እንደተደረገለት በሚያውቀው ቋንቋ ይነገረው፤ በወረቀትም ይሰጠው። ሆዱን ከፍተን ዘግተን «ድነሃል፣ ሂድ» ብሎ ማሰናበት ሰውን እንደ ዕቃ መቁጠር ነው። የሕግ ተማሪዎች ስለ ሰው መብት ሲከራከሩ እሰማለሁ። የራሱን አንጀት ርዝመት የማወቅ መብትም ከዚሁ ይቆጠርልኝ። የመጨረሻው የአንጀት ክፍል የወጣለት ሰው ቫይታሚኑ እንደሚያስፈልገው ካልተነገረው፣ ከዓመታት በኋላ ደሙ አንሶ እግሩ ደንዝዞ ሲመጣ ጥፋቱ የማን ነው?

ሦስተኛ፣ የምንጽፋቸው የመመረቂያ ጽሑፎች አቧራ እንዲለብሱ አይተዉ። በአገራችን ሆስፒታሎች ስንት ሰው በአንጀት ጥበት ይመጣል? ስንቱ በመድኃኒት ይድናል? ስንቱ ይቆረጣል? ስንቱ ይጠገናል? ከዓመት በኋላስ እንዴት ነው? ይህን ለመቁጠር ከመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጋር መስማማትና ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የቻንዲጋር ሐኪሞችም በዓለም መድረክ የተናገሩት በበሽተኞቻቸው ታሪክና በብዕር ነው።

ልብስ ሰፊ አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ ይቆርጣል ይባላል። ጨርቁ የሰው ስለሆነ ነው፤ ቢያበላሸው ይከፍላል። ሐኪሙ ቢያበላሽ ግን የሚከፍለው በሽተኛው ነው። እንግዲህ ከመካከላችን ነገ ቢላዋውን የሚጨብጠው ወንድም ወይም እህት፣ ቆራጥ መሆን ካማራቸው፣ ቆራጥነታቸው ከሁለቱ ቃላት ሁለተኛውን ለመማር ይሁን። ቀዶን ሁሉም ያውቀዋል። አገራችን የጎደላት ጥገና ነው።